ሁለተኛነት አልዋጥ ያለው ባሮን

ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ በ1922 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ከፓሪስ ወደ ቦርዶ ወርዶ የቤተሰቡን የወይን እርሻ ሲረከብ ገና 20 ዓመቱ ነበር። እርሻው ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ ይባላል፤ በ1853 የገዛው ቅድመ አያቱ ነው።

ቤቱ ግን አንድ የቆየ ቁስል ነበረበት። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተብሎ የቦርዶ ወይኖች ደረጃ ሲወጣላቸው አራቱ አንደኛ ተባሉ፣ ሙቶን ሁለተኛ። ከአራቱ አንዱ ላፊት ደግሞ አጥር ለአጥር ጎረቤቱ ነው፤ በኋላም የሮትሺልድ ዘመዶቹ ገዙት። በዘመድ መበለጥ መቼም ያማል!

ወጣቱ ጨዋታ ወዳድ ነበር። ስሙን ቀይሮ በቡጋቲ መኪና ይወዳደራል፤ በ1929 በሞናኮ ግራንድ ፕሪ አራተኛ ወጥቷል። በወይኑ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቅም። ያኔ ባለርስቶቹ ወይናቸውን በበርሜል ለቦርዶ ነጋዴዎች ይሸጣሉ፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚከቱት ነጋዴዎቹ ናቸው። መንገድ ላይ ምን እንደሚቀላቀልበት ማን ያውቃል? ፊሊፕ ከ1924 ምርት ጀምሮ ሁሉም እዚያው እርሻው ላይ ይታሸግ አለ። በርሜሎቹን የሚያሳድርበት 100 ሜትር ርዝመት ያለው መጋዘንም አሠራ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ፊሊፕ አይሁዳዊ ነው። የቪሺ መንግሥት ዜግነቱን ገፈፈው፣ ርስቱን ወረሰ፣ እሱንም አሰረው። ሲፈታ በፒሬኔ ተራሮች አቋርጦ ለንደን ከሚገኘው የደጎል ጦር ጋር ተቀላቀለ። ከካቶሊክ ቤተሰብ የተወለደችው ባለቤቱ ኤሊዛቤት ግን ፈረንሳይ ቀርታ ነበር። በ1944 ጌስታፖ ያዛት፤ በ1945 ራቨንስብሩክ ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ሞተች። ልጃቸው ፊሊፒን እናቷ ስትወሰድ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበረች።

ፊሊፕ ተመልሶ እርሻውን ከእንደገና ጀመረ። በ1945ቱ ወይን ጠርሙስ ላይ የድል ምልክት የሆነችውን «ቪ» ፊደል አሳለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የጠርሙሱን ሥዕል የሚሠራ ሠዓሊ ይጋበዛል፤ ብራክ ሠርቷል፣ ዳሊም ሠርቷል። ክፍያቸው በገንዘብ ሳይሆን በወይን ነው።

ደረጃውን ለማስለወጥ ግን አሥርተ ዓመታት ደጅ ጠና። በ1973 በወቅቱ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ዣክ ሺራክ ፈረሙና ሙቶን አንደኛ ሆነ። ከ1855 ወዲህ እንዲህ ከፍ የተደረገ ሌላ ወይን የለም። የዚያ ዓመት ጠርሙስ ላይ የወጣው በዚያው ዓመት የሞተው የፒካሶ ሥዕል ነው።

ባሮኑ በ1988 በ85 ዓመቱ አረፈ። እርሻውን የተረከበችው ያቺ ትንሽ ልጅ፣ ፊሊፒን ናት። በ2014 እስክትሞት ድረስ መራችው።