አንድሬ ማሪ አምፔር (1775–1836)

በየቤታችን ግድግዳ በተሰቀለው የመብራት ቆጣሪና በፊውዙ ላይ የአምፔር ልክ በቍጥር ተጽፎ እናገኛለን። ቃሉ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያውቁ ብዙ አይደሉም፤ ያ ሰው መቍጠሪያ የሚደግም ካቶሊካዊ ምእመን እንደ ነበረ የሚያውቁ ደግሞ ከዚያም ያነሱ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ እትም የአምፔርን ሕይወት ለውድ አንባብያን፣ ይልቁንም ስለ እምነትና ስለ ሳይንስ ከወጣቶች ጥያቄ ለሚቀርብላቸው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምፔር ጃንዋሪ 20 ቀን 1775 በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ተወለደ። አባቱ ዣን ዣክ ነጋዴ ነበረ። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት አልላከውም፤ በፖሌሚዩ መንደር በነበረው ቤታቸው መጻሕፍቱን ከፍቶለት እንደ ፍላጎቱ እንዲያነብ ተወው እንጂ። ልጁም ታላቁን የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፔድያ አነበበ፤ የኦይለርንና የቤርኑዪን የሒሳብ ድርሳናት ለመረዳት ሲል ላቲን ተማረ። ገና በወጣትነቱ በ1788 የታተመውን የላግራንዥን የመካኒክስ መጽሐፍ አጠና። መጽሐፉ ኒውተን በ1687 የገለጣቸውን የእንቅስቃሴ ሕጎች ያለ አንዳች ሥዕል፣ በሒሳብ ቀመር ብቻ የሚተነትን ነው፤ ለበሰለ ሊቅም ቢሆን የሚከብድ ነው።

አብዮቱ ግን ይህን ጸጥታ አፈረሰው። አባቱ በሊዮን ዳኛ ሆኖ ተሾሞ ነበር። ከተማይቱ በፓሪስ መንግሥት ላይ ዐምፃ፣ ተከብባም እጅዋን ስትሰጥ፣ አባት ተይዞ በኖቬምበር 1793 በጊዮቲን አንገቱን ተቀላ። ልጁ ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነበረ። ለአንድ ዓመት ያህል መጻሕፍቱን ዘግቶ፣ ከሰው ርቆ፣ በድንዛዜ ኖረ። ቀስ በቀስ ወደ ሕይወት የመለሱት የዕፀዋት ጥናትና የላቲን ግጥሞች ነበሩ።

በ1796 ጁሊ ካሮን ከምትባል ወጣት ጋር ተዋወቀ፤ በ1799 ተጋቡ፤ በማግሥቱም ዓመት ዣን ዣክ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ። ጁሊ ግን ከወሊድ በኋላ ጤና አጣች። አምፔር እንጀራ ፍለጋ በ1802 ወደ ቡር ከተማ ሄዶ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሲያስተምር፣ እርስዋ ታማ በሊዮን ቀረች። በዚያው ዓመት ስለ ቁማር የሒሳብ ድርሰት ጻፈ፤ ከእርሱ እጅግ ከበለጸገ ባላጋራ ጋር ያለ ማቋረጥ የሚጫወት ሰው በመጨረሻ መክሰሩ እንደማይቀር በስሌት አስረዳ። (ይህን ለቁማር ወዳጆች ማሳሰብ አይከፋም።) ድርሰቱ በሊዮን የመምህርነት ቦታ አስገኘለት፤ ነገር ግን ጁሊ በጁላይ 1803 ዐረፈች።

በ1804 ወደ ፓሪስ ሄዶ በከፍተኛው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በ1806 ዳግመኛ አገባ፤ ትዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ተናግቶ ባልና ሚስቱ ተለያዩ፤ ሴት ልጁን አልቢንን እርሱ አሳደጋት። ስለ አምፔር የሚጻፉ መንፈሳውያን ጽሑፎች ይህንን ዘመን በዝምታ ያልፉታል፤ እኛ ግን ልንሸሽገው አንወድም። ወደ ፓሪስ ከመሄዱ በፊት በሊዮን ከወዳጆቹ ጋር የእምነትን ምክንያቶች የሚመረምር የክርስቲያኖች ማኅበር ያቋቋመው ይህ ሰው፣ በፓሪስ ለብዙ ዓመታት በጥርጣሬ ማዕበል ተንገላታ። ጥርጣሬውን የወለደው የሒሳብ ዕውቀቱ አይመስለንም፤ በሐዘን ላይ የተጨመረው ብቸኝነት እንጂ። በ1817 ገደማ ወደ ጸሎትና ወደ ምሥጢራት ተመለሰ፤ በሊዮን የእንስሳት ሕክምና መምህር የነበረው ወዳጁ ብሬደን በደብዳቤ የዚህ ጉዞ ተካፋይ ነበረ።

በታሪክ ስሙን የተከለው ሥራ የመጣው ከዚህ መመለስ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ45 ዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሊቃውንት ኤሌክትሪክና መግነጢስ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው ይሉ ነበር። በጁላይ 1820 የዴንማርኩ ኦርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በአጠገቡ ያለችውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞራት አስታወቀ። ወሬውን አራጎ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፤ አምፔርም ያን ሰምቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን፣ የራሱን ጥናት ማንበብ ጀመረ። በማስከተልም ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያልፍባቸው እንደሚሳሳቡ፣ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲያልፍባቸው ግን እንደሚገፋፉ አሳየ። እዚህ ላይ ብረትም ማግኔትም የለም፤ መዳብና ኤሌክትሪክ ብቻ። ከዚህ ተነሥቶ ማግኔት ራሱ በደቂቅ ቅንጣቶቹ ውስጥ የሚሽከረከሩ የኤሌክትሪክ ጅረቶች ስብስብ ነው አለ።

አየሁ ብሎ አላቆመም፤ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ኒውተን ስለ ስበት እንዳደረገው ሁሉ፣ በሁለት ቁራጭ ሽቦዎች መካከል ያለውን ኃይል በቀመር ሊያገኝ ተነሣ። ጥቃቅኑን ኃይል በቀጥታ መለካት አዳጋች ስለ ነበረ፣ ሁለት ኃይሎች ተስተካክለው ሽቦው ሳይነቃነቅ የሚቀርባቸውን መሣሪያዎች አዘጋጀ፤ ካለመነቃነቁም ሕጉን አወጣ። ኃይሉ በጅረቶቹ መጠንና በአቅጣጫቸው ይወሰናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን ሁሉ በ1826 በታተመው ታላቅ ድርሳኑ ሰበሰበ። ዘርፉንም ኤሌክትሮዳይናሚክስ ብሎ የሰየመው እርሱ ነው። ከዓመታት በኋላ ስኮትላንዳዊው ማክስዌል በኤሌክትሪክ ዓለም ያለውን ቦታ ከኒውተን ቦታ ጋር አነጻጽሮታል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አመለጠው። በ1822 በጄኔቭ ከደ ላ ሪቭ ጋር ባደረገው ሙከራ፣ በአንድ ሽቦ የሚያልፍ ጅረት በሌላ ቀለበት ውስጥ ጅረት እንደሚያስነሣ ምልክቱን አይቶ ነበር፤ ትኩረት ሳይሰጠው አለፈ። ያንኑ ፋራዴይ በ1831 ገልጦ አስረዳው፤ ጄኔሬተሮቻችን ሁሉ የሚሠሩት በዚሁ ነው። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የጅረትን መለኪያ በአምፔር ስም ሰየመ። ከ1948 እስከ 2019 ድረስም የመለኪያው ፍቺ እነዚያው ሁለት ሽቦዎች ነበሩ፤ በ1 ሜትር ርቀት ሆነው በየሜትሩ በ0.0000002 ኒውተን ኃይል ሲሳሳቡ በእያንዳንዱ 1 አምፔር ያልፋል ተብሎ ተወስኖ ነበር።

በ1831 ፍሬደሪክ ኦዛናም የተባለ የ18 ዓመት የሕግ ተማሪ ከሊዮን ወደ ፓሪስ መጣ። የታላቂቱ ከተማ ክህደት አስጨንቆት ሳለ አምፔር በመጠነኛ ክፍያ በቤቱ ተቀበለው። አንድ ቀን ወጣቱ ልቡ ዝሎ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ታላቁን ሊቅ በአንድ ጥግ ተንበርክኮ መቍጠሪያ ሲደግም እንዳገኘውና እንደ በረታ ይተረካል። ኦዛናም በ1833 ከጓደኞቹ ጋር ድኾችን በየቤታቸው የሚጐበኘውን የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር መሠረተ፤ በ1997ም በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ብፁዕ ተባለ። በ1839 ወደ አገራችን የመጡት አቡነ ያዕቆብ ይኸው ቅዱስ ቪንሰንት ከመሠረተው የሚስዮናውያን ማኅበር እንደ ነበሩ አንባብያን ያስታውሳሉ።

አምፔር የትምህርት ቤቶች ዋና ተቆጣጣሪ እንደ መሆኑ በጤና ማጣትም ከአገር ወደ አገር መዞሩን አልተወም ነበር። በዚሁ ጉዞ ሳለ ማርሴይ ላይ በጽኑ ታመመ። በአልጋው አጠገብ የነበረው ሰው «ክርስቶስን መምሰል» ከተባለው መጽሐፍ ጥቂት ሊያነብለት ሲል፣ መጽሐፉን በቃሉ እንደሚያውቀው እንደ ነገረው ይነገራል። ጁን 10 ቀን 1836 በ61 ዓመቱ ዐረፈ። ዐፅሙ በዚያው ከተማ ቆይቶ በ1869 ወደ ፓሪስ ፈለሰ፤ ከጁሊ በወለደው ልጁ በዣን ዣክ አጠገብም በሞንማርት መካነ መቃብር ዐርፎ ይገኛል።