ሼህ ሆጀሌ አልሐሰንና የትውልድ ሐረጋቸው

በአዲስ አበባ ከተማ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሸጎሌ የሚባል ሠፈር አለ። የታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ የሚጣሩበት ይህ ስም የሰው ስም መሆኑን የሚያውቅ መንገደኛ ብዙ አይደለም። ሼህ ሆጀሌ የሚለው መጠሪያ በሕዝብ አንደበት እየተሸራረፈ አንድ ቃል ሆኖ የቀረ ሲሆን፣ ባለስሙም የአሶሳ ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ናቸው። በካርቱም ሰሜንም ሒለት ሆጀሊ የሚባል ሠፈር ይገኛል፤ ያኛው ግን የተሰየመው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ባረፉ ሌላ የሃይማኖት አባት ነው። የቤተሰቡን ሐረግ ለማወቅ በሁለቱ አገሮች መዛግብት መካከል የሚመላለስ ሰው ገና ከመነሻው የሚደናቀፈው እንዲህ ባለው የስም መመሳሰል ነው። እንዲያውም በሼህ ሆጀሌ ዘመን የቤኒሻንጉል ገዥ የነበሩት ተቀናቃኛቸው ሼህ አብዱራህማን ሆጀሌ ይባሉ ስለ ነበር፣ አንዱ ስም በአንደኛው ወረቀት ላይ የራስ፣ በሌላው ደግሞ የአባት መጠሪያ ሆኖ ይገኛል።

በቆጠራና በመዝገብ ሥራ ላይ ለተሠማራን ባልደረቦች የሼህ ሆጀሌን ሕይወት ማስታወስ የሚጠቅመውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው ውስጥ የቱርክና የግብፅን፣ የማሕዲስቶችን፣ የምኒልክንና በመጨረሻም የጣሊያንን መንግሥት አይተዋል። እነዚህ ሁሉ ወደ አሶሳ ሲመጡ ያቀረቡት ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነበር፤ ይኸውም ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ስንት ሰው አለህ፣ ስንት ወርቅ ታገባለህ የሚል ነው።

ሼህ ሆጀሌ ወጣዊጥ ከሚባለው ገዥ ወገን የተወለዱ ናቸው። ከዐባይ ሸለቆ፣ ከሱዳን በኩል የመጡ ነጋዴዎችና የሃይማኖት መምህራን የቤኒሻንጉልን ወርቅ እየተከተሉ ወደ በርታ አገር ዘልቀው፣ ከአገሬው ባላባቶች ሴቶች ልጆች ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት ልጆች በእናታቸው በኩል የአገሬው ዘመድ፣ በአባታቸው በኩል ደግሞ የንግዱና የሃይማኖቱ ወራሽ በመሆናቸው ቀስ በቀስ ሥልጣኑን ያዙ። ወጣዊጥ የሚለው መጠሪያ በዐረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። ስሙ ወፍም አይጥም ያልሆነ፣ ከሁለት ወገን የተገኘ ሰው ለማለት የተሰጠ እንደ ሆነ ይታመናል። በልጅነታችን በሰማነው ተረት የሌሊት ወፍ የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ጥርሷን፣ የአራዊት ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ክንፏን እያሳየች ታመልጣለች። የአሶሳው ጉዳይ ግን እንደ ተረቱ የሚያስቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ ሱዳንን የያዘው የቱርክና የግብፅ ጦር እስከ ፋዙግሊና እስከ ቤኒሻንጉል ተራራዎች የገፋው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በእስልምና ሕግ ነጻ ሆኖ የተወለደ ሙስሊም በባርነት ሊያዝ አይገባውም። ስለዚህ በአባት ወገን እስከ አንድ ዐረብ ቅድመ አያት ድረስ ስም እየጠሩ መቁጠር መቻል የኩራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሕጉ በተግባር ቢጣስም እንኳ ሐረጉ የነጻነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግል ነበር። እንዲህ ያለ ሐረግ ያልነበረው የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የኮሞ ወይም የማኦ ተወላጅ ግን ለፈንጋዩ የተጋለጠ ነበር። በሐረጉ ጥበቃ ሥር የነበሩት ወጣዊጦችም ብዙ ጊዜ ከፈንጋዮቹ ወገን ተሰልፈው ነበር። ይህን ሳንሸሽግ መናገር ይገባል፤ ሼህ ሆጀሌም ከዚህ ነቀፋ የሚድኑ አይደሉም።

በ1873 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው የማሕዲ ንቅናቄ ወደ ቤኒሻንጉልም በመድረሱ፣ የአካባቢው ሼሆች አንድ ጊዜ እየተዋጉ ሌላ ጊዜ እየተስማሙ ኖሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ የምዕራቡን ድንበር ለማጽናት በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንንን ወደ ቤኒሻንጉል አዘመቱ። በዚያን ጊዜ ሦስት ዋና ዋና ገዥዎች ነበሩ፤ እነርሱም የቤኒሻንጉሉ ሼህ አብዱራህማን፣ የሆሞሻው ሼህና አቆልዲ በሚባለው በአሶሳ ግዛት የተቀመጡት ሼህ ሆጀሌ ናቸው። ከሦስቱ መካከል በመጀመሪያ ከዘማቾቹ ጋር የተስማሙት ሼህ ሆጀሌ ሲሆኑ፣ የኋላ ኋላ እርሳቸውም አዲስ አበባ ላይ ከመታሰር አላመለጡም። ከእስራት ወጥተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን የአካባቢው ዋና ገዥ ሆኑ። ብልህነታቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ ሌሎቹ በጦር ለመጠበቅ የሞከሩትን ሥልጣን እርሳቸው ወርቅ በማግባት ጠብቀውታል።

በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈረመው ውል ቤኒሻንጉልን ወደ ኢትዮጵያ አስገባ። በተከታዩ ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን የሚባለው የእንግሊዝ መሐንዲስ ድንበሩን በምልክት እያሰመረ አለፈ። የአንድ አያት ልጆች በሁለት መንግሥት መዝገብ ለየብቻ መጻፍ የጀመሩት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

የሼህ ሆጀሌ ባለቤት የነበሩት ሲት አምና የኖሩት ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን ግዛት ነው። እርሳቸው በነበሩበት በኩል ከቤኒሻንጉል የሚወጡ ሰዎች ሲሸጡ ኖረዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና የባሪያ ንግድን የሚከለክል ዐዋጅ ካወጣች በኋላ ነገሩ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻም የሱዳን መንግሥት ሲት አምናን ይዞ ለፍርድ አቀረባቸው። በዚሁ ዘመን ከጌቶቻቸው ያመለጡ አያሌ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው በሱዳን ሠፈሩ። ሌሎች ደግሞ በግብርና በስጦታ መልክ ወደ መሐል አገር ተልከው የትውልድ መንደራቸውን ስም ለልጆቻቸው ሳያወርሱ ቀርተዋል።

የሐረግ ፍለጋው እውነተኛ ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የወጣዊጥ ቤተሰብ ሽማግሌ አባቶቹን እስከ ሩቅ ትውልድ ሊቆጥር ይችላል። ጣሊያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው የቤኒሻንጉል ታሪክም ብዙውን ክፍል ያገኘው ከእንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ትውስታ ነው። ነገር ግን ሐረጉ የሚቆጠረው በአባት ብቻ ነው። ሥልጣኑን ወደ ቤቱ ያመጡት የበርታ እናቶች ስም ከስሌቱ ውጭ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር በእናትም በአባትም በኩል እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። በባርነት የኖሩት ሰዎች ደግሞ ሲነሡ ስማቸው አይጠራም፤ የሚነገረው ብዛታቸው ብቻ ነው።

ጣሊያኖች ወደ ምዕራብ ሲደርሱ ሼህ ሆጀሌ በጣም አርጅተው ነበር። ለአዲሱም ገዥ እንደ ቀድሞዎቹ ገብረው እ.ኤ.አ. በ1938 ዐረፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን እጅ ያስለቀቀው ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር ነው፤ ይህንንም ከከተማው ነዋሪ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ፈጽሞ ሲሻር ሼህ ሆጀሌ የኖሩበት ሥርዓት አብሮ ተሻረ።

የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲካሄድ አሶሳ የወለጋ ክፍለ ሀገር አውራጃ ነበረች። በድርቁ ምክንያት በተከታዩ ዓመት አያሌ የወሎ ሰዎች በአካባቢው ስለ ሠፈሩ የዚያ ቆጠራ ውጤት ገና ሳይታተም አረጀ። በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች ግን አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ሆና ተቆጠረች። በ1999ኙ ቆጠራ ክልሉ 784,345 ሕዝብ ሲኖረው፣ ከብሔረሰቦቹ ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው፣ ከጠቅላላው ሩብ ያህል የሚሆነው በርታ ነው።

በእነዚህ ቆጠራዎች ደንብ መሠረት ብሔረሰብ የሚመዘገበው ተጠያቂው ራሱ እንደ ተናገረው ነው። ደንቡ ትክክል ነው፤ አፈጻጸሙ ግን እንደ ቆጣሪው ይለያያል። የአንድ ሼህ የልጅ ልጅ በርታ ነኝ ሊል ይችላል፤ ወንድሙ የተራራ ሰው ማለት የሆነውን ጀበላዊ የሚለውን ስም ሊመርጥ ይችላል፤ ኩርሙክን ተሻግሮ የቀረው ያጎታቸው ልጅ ደግሞ ዐረብ ነኝ ይላል። ሦስቱም አልዋሹም። አያታቸው ለአራት መንግሥታት እንደየአመጣጣቸው መልስ የሰጡ ሰው ነበሩ። አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ቆጣሪው ተጠያቂውን ሳይጠይቅ ስሙን ሰምቶ ወይም መልኩን አይቶ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን የመረጠለት እንደ ሆነ ነው። በተለይ አያቶቹ በባርነት በገቡበት ቤት ስም የሚጠራ ሰው ሲያጋጥም፣ የጌታው ሐረግ የእርሱ ሐረግ ሆኖ ይጻፍና ሁለተኛ ጊዜ የራሱን ያጣል። እንዲህ ያለውን ሰው በጎረቤቶቹ ፊት ስለ ትውልዱ መጠየቅ የሚያስከትለውን ዝምታ በመስክ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሸጎሌ ላይ ከታክሲ የሚወርደው ሰው ከነዚህ ከሁለቱ ወገን የየትኛው ልጅ እንደ ሆነ ከሠፈሩ ስም ማወቅ አይቻልም። ባለስሙ ሼህ ሆጀሌ ናቸው፤ በዚያ ያሠሩትንም ቤት ጡብና ድንጋዩን ተሸክመው የገነቡት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም።