በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የታገደው ቴአትር

እዚህ ሐዋሳ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ አንድ ተማሪ የሹም ካባ ደርቦ ጉቦ ሲቀበል ብናይ፣ ወላጆችም መምህራንም አብረው ይሥቃሉ፤ የሚቀየም የለም። በአገራችን የመጀመሪያው ቴአትር በታየ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። የደራሲውን የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ሕይወት በአጭሩ ለአንባቢ ማቅረብ የወደድነው ስለዚህ ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። ራስ መኰንንን ተከትለው ዓድዋ ሲዘምቱ ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ከድሉ በኋላ በ1888 ዓ.ም. ወደ መስኮብ አገር ሄዱ፤ እዚያም አድገው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ልጅ ሆነው የወጡት ሰው አገራቸው የገቡት ጎልማሳ መኰንን ሆነው ነው።

በአውሮፓ ቴአትር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ድርሰት አዘጋጁ። መነሻቸው የፈረንሳዊው ላፎንቴን ተረቶች ነበሩ። ዳሩ ግን አንበሳና ጦጣ፣ ጅብና አህያ ለኛ እንግዳ አይደሉም፤ ሁላችንም ከእሳት ዳር የሰማናቸው ናቸው። ነገር በምሳሌ እንዲሉ፣ ደራሲው የአስተዳደሩን ብልሹነትና የሹማምንቱን ስንፍና በአውሬ አፍ አናገሩት። ቴአትሩ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ሲታይ ከተመልካቾቹ መካከል መኳንንት ነበሩ። አውሬዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝም ቴአትሩ ታገደ። ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የአማርኛ ቴአትር ዝም አለ። ኋላም ሕይወት ሲዘራ፣ እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን አሠልጥነው ድርሰቶቻቸውን ያሳዩ ነበር። መድረኩን መልሶ የከፈተው እንግዲህ ትምህርት ቤት ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ደራሲው ግን ከሥልጣን አልራቁም። ጨርጨርን ገዝተዋል፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ መሥርተዋል፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። በአውሬ አፍ ሹማምንቱን የዘለፈ ብዕር፣ ንጉሡን ከሁሉ በላይ የሚያደርግ ሕግ መጻፉ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምናልባት መንግሥትን ማረም የሚቻለው ከውስጥ ሆኖ ነው ብለው ይሆናል።

ፋሺስት ኢጣልያ ሲነሣብን በዠኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ከዚያም ረጅም የስደት ዘመን መጣ፤ ማዳጋስካር ድረስ ዘልቀው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ከአገራቸው ርቀው ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. ሂርና ላይ ዐረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸውም ከሞታቸው በኋላ ታትሟል። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም የአባታቸውን መንገድ ይዘው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ቴአትር ጽፈዋል፤ ያኛውን ግን የከለከለ አልነበረም።