አናይሪን ቤቫንና የቤተሰብ ሐኪም ጉዳይ

አንድ ሰው በታመመ ጊዜ ሐኪም ዘንድ እንዳይደርስ የሚያግደው ነገር ብዙ ነው። ሐኪሙ በአካባቢው ላይገኝ ይችላል፤ ቢገኝም ክፍያው ከበሽተኛው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘቡ ቢሟላም ሐኪሙ ተቀብሎ የማከም ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። እነዚህ ሦስት መሰናክሎች በየአገሩ መልካቸው ይለያይ እንጂ ፈጽሞ ያልታዩበት አገር የለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሦስቱንም በአንድ ሕግ ለማንሣት ከተነሡት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚጠራው የብሪታንያ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበረው አናይሪን ቤቫን ነው። ቤቫን ሐኪም አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅም አልነበረም። ከከሰል ጉድጓድ የወጣ ሠራተኛ ነበር። የሕይወቱ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት የሚጠቅመው፣ አንድ አገልግሎት ለሰፊው ሕዝብ ሲዘረጋ ከሕንፃው በፊት መወሰን ያለበት ምን እንደሆነ፣ ሕንፃው ሲዘገይ ደግሞ ምን እንደሚጎድል አጣምሮ ስለሚያሳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቤቫን ኖቬምበር 15 ቀን 1897 በደቡብ ዌልስ፣ ትሬዲጋር በምትባል የከሰልና የብረት ከተማ ተወለደ። አባቱ ዴቪድ ከሰል ቆፋሪ፣ እናቱ ፊቢ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከወላጆቹ አሥር ልጆች አንዱ ሲሆን፣ እንደ ዘመኑ ድሃ ቤተሰብ ሁሉ ከእነዚህ ልጆች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ የቀሩ ነበሩ። በትምህርት ቤት ተብታባ ስለነበር የመምህሩም የጓደኞቹም መሳለቂያ ሆኖ ቆየ። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ከጉድጓድ ገባ።

ይሁን እንጂ የትሬዲጋር ሠራተኞች ከደሞዛቸው አዋጥተው ያቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ነበራቸው። ወጣቱ ቤቫን ከሥራ መልስ በዚያ እያነበበ ራሱን አስተማረ። አንደበቱን የሚይዘውን ቃል በሌላ ቃል ለመተካት ሲል የቃላት ሀብቱን ማስፋት ነበረበትና፣ ኋላ በፓርላማ ያስፈራው የነበረው የንግግር ችሎታው መሠረት የተጣለው በዚህ ልፋት እንደሆነ ይነገራል። ከ1919 እስከ 1921 በሠራተኞች ማኅበሩ ወጪ በለንደን የሠራተኞች ኮሌጅ ተማረ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ሥራ አላገኘም። በ1925 አባቱ በከሰል አቧራ ምክንያት በሚመጣ የሳንባ በሽታ በእጁ ላይ አረፈ። የበሽታንና የድህነትን ዝምድና ቤቫን ያወቀው እንግዲህ በገዛ ቤቱ ነው።

የትሬዲጋር መረዳጃ ማኅበር

ትሬዲጋር ከቤተ መጻሕፍቱ ሌላ የሕክምና መረዳጃ ማኅበር ነበራት። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከሚያገኘው ከአንዱ ፓውንድ ሦስት ፔንስ ገደማ ያዋጣል። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ስለነበር መዋጮው ከደሞዙ ሰማንያኛ እጅ ያህል ነበር ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ማኅበሩ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና የጥርስ ሐኪምን ቀጥሮ ያሠራል፤ መነጽርም ሰው ሠራሽ እግርም ያቀርባል፤ የከተማይቱን ትንሽ ሆስፒታልም ይረዳል። አባሉ ብቻ ሳይሆን ሚስቱና ልጆቹም ይታከማሉ። የከተማይቱ ነዋሪ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን በማኅበሩ ታቅፎ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከማኅበሩ ሐኪሞች አንዱ፣ ኋላ በ1937 «ዘ ሲታደል» የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው ክሮኒን ነበር።

ቤቫን በ1922 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ፤ በሆስፒታሉ አስተዳደር ኮሚቴም አገለገለ። በዚህ ሥራው ሁለት ነገር ተገነዘበ። የመጀመሪያው፣ ጤነኛው በጤናው ጊዜ ካዋጣ በሽተኛው በሕመሙ ሰዓት ገንዘብ መቁጠር እንደማያስፈልገው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ማኅበሩ የቆመው በከሰል ደሞዝ ላይ ስለሆነ ጉድጓዱ ሲዘጋ መዋጮውም አብሮ የሚደርቅ መሆኑ ነው። አንድ ከተማ ብቻዋን የምትሸከመው ሸክም ጥሩ ዘመን እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆም ነውና፣ ሸክሙ በመላው አገር ላይ መደልደል እንዳለበት አመነ። በ1929 ከኤቡ ቬል ምርጫ ክልል የሌበር ፓርቲ እንደራሴ ሆኖ ፓርላማ ሲገባ ይህን እምነት ይዞ ገባ፤ ያንን ወንበርም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀም።

ከ1948 በፊት የነበረው ሁኔታ

በብሪታንያ ከ1911 ጀምሮ የሠራተኞች የጤና መድን ሕግ ነበር። ሕጉ ደሞዙ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነውን ተቀጣሪ በሐኪም ዝርዝር አስመዝግቦ ያሳክማል። ነገር ግን ሚስቱንና ልጆቹን አይጨምርም፤ የሆስፒታል ሕክምናንም በጠቅላላው አይሸፍንም። በዚህ የተነሣ በ1930ዎቹ መጨረሻ እንኳ ከሕዝቡ ግማሽ የሚበልጠው ከሥርዓቱ ውጭ ነበር። ብዙ እናቶች ለባልና ለልጅ ሲሉ የራሳቸውን ሕመም ችለው ይኖሩ ነበር።

ሌላው ችግር የሐኪሞች ሥርጭት ነው። በዚያን ጊዜ የሕክምና ሥራ እንደ ሱቅ የሚሸጥና የሚገዛ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ተበድሮ የአንድ አዛውንት ሐኪምን ደንበኞች ይገዛል፤ ብድሩን ለመክፈል ደግሞ የሚከፍል ሰው ወዳለበት ሰፈር ማዘንበሉ አይቀርም። ስለዚህ ባለጸጎች በሚኖሩባቸው ከተሞች ሐኪም ሲበዛ፣ በከሰልና በፋብሪካ ከተሞች አንድ ሐኪም ብዙ ሺህ ሰው ይጠብቅ ነበር። ሐኪሞቹ ክፉዎች ስለሆኑ አልነበረም፤ ገንዘቡ ወደሚፈስበት የሚሄዱ መሆናቸው የሥርዓቱ ውጤት ነበር።

መፍትሔ የሚሆን አሳብ አልጠፋም። በ1920 በሎርድ ዶውሰን ሰብሳቢነት የወጣው ሪፖርት፣ የቤተሰብ ሐኪሞች ከነርሶችና ከመመርመሪያ መሣሪያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩባቸው የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ማዕከሎች በየአካባቢው እንዲሠሩ መክሮ ነበር። የቤቨሪጅ ሪፖርትም በ1942 አገር አቀፍ የጤና አገልግሎት እንዲኖር አሳሰበ። የጎደለው የሚፈጽመው ሰው ነበር።

ሚኒስትርነትና የሕጉ መውጣት

በ1945 ሌበር ፓርቲ ምርጫውን ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አትሊ የ47 ዓመቱን ቤቫን የጤና ጥበቃ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። ሚኒስቴሩ በዚያን ጊዜ የቤቶችን ሥራም ይመራ ነበርና ሁለት ከባድ ኃላፊነቶች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቁ። የብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሕግ በኖቬምበር 1946 ጸደቀ።

ስለዚህ ሕግ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሆስፒታሎቹ ወደ መንግሥት መዛወር ነው። የቤተሰብ ሐኪምን በሚመለከት ግን ሕጉ አራት ቁም ነገሮችን ወሰነ። አንደኛ፣ ማንም ነዋሪ፣ ወንድም ሴትም ሕፃንም፣ በመረጠው ሐኪም ዝርዝር ተመዝግቦ ያለ ክፍያ እንዲታከም፤ ወጪውም በአብዛኛው ከጠቅላላው ግብር እንዲሸፈን ደነገገ። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ በዋናው የሚከፈለው ባከመው በሽታ ብዛት ሳይሆን በተመዘገቡለት ሰዎች ቁጥር ሆነ፤ የአንድ ሐኪም ዝርዝርም ከ4,000 ሰው እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሦስተኛ፣ የደንበኞች መሸጥና መግዛት ተከለከለ፤ ለዚህም ካሣ 66 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ። አራተኛ፣ በአገልግሎቱ ውስጥ አዲስ ሥራ የሚከፍት ሐኪም የአንድ ኮሚቴ ፈቃድ እንዲያገኝ ተደረገ፤ ሐኪም በበዛበት አካባቢ ኮሚቴው ፈቃድ ሊነሣ ይችላል።

አራተኛው ድንጋጌ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ኮሚቴው ሐኪምን ወደ አንድ ቦታ ሂድ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም፤ የሞላውን ቦታ መዝጋት ብቻ ነው የሚችለው። ውኃ አንዱ ቦይ ሲዘጋበት ወደ ሌላው እንደሚፈስ ሁሉ፣ ሐኪሙም ወደ ጎደለው አካባቢ ቀስ በቀስ እንዲያመራ የታሰበ ዘዴ ነበር። ኮሚቴው እስከ 2002 ድረስ ሠርቷል።

ከሐኪሞች ጋር የተደረገ ትግል

ሕጉ ቢጸድቅም የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር አልተቀበለውም። ሐኪሞቹ የመንግሥት ደሞዝተኛ እንሆናለን፣ በሙያችንም ባለሥልጣን ያዝብናል ብለው ሰጉ። በፌብሩዋሪ 1948 በተሰጠው ድምፅ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ተቃወሙ። አገልግሎቱ የሚጀመርበት ቀን አምስት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር።

ቤቫን በዚህ ጊዜ ያሳየው ጠባይ ብዙ ሰው ከሚያውቀው ከተቆጪው ተናጋሪ የተለየ ነው። የንጉሣዊው የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በነበረው በሎርድ ሞራን ሽምግልና ሙሉ ደሞዝ በሐኪሞች ላይ በደንብ ብቻ እንደማይጫን በሕግ ማረጋገጫ ሰጠ። የሆስፒታል ስፔሻሊስቶች የግል በሽተኞችን ማከም እንዲቀጥሉ ቀድሞውኑ ፈቅዶላቸው ነበር። የቤተሰብ ሐኪሞችም የመንግሥት ሠራተኛ ሳይሆኑ በውል የሚሠሩ ባለሙያዎች ሆነው ቀሩ። ብዙዎቹ የገዛ ጓዶቹ ይህን እንደ ማፈግፈግ ቆጠሩት። ነገር ግን ቤቫን ከያዛቸው መሠረታውያን ነገሮች፣ ከነፃ ሕክምናውም፣ ከምዝገባውም፣ ከሽያጭ ክልከላውም አንዱን አልለቀቀም። ጁላይ 5 ቀን 1948 አገልግሎቱ ሲጀመር ከቤተሰብ ሐኪሞች አብዛኞቹ ገብተው ነበር።

ከዚያ በኋላ የታየው ነገር የተደበቀውን ችግር ልክ ገለጸ። ለዓመታት ሕመማቸውን ችለው የኖሩ ሴቶች ወደ ሐኪም ጎረፉ፤ የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስ ጥያቄ ከታሰበው በላይ ሆነ። ፍላጎቱ አዲስ የተፈጠረ አልነበረም፤ ቀድሞም ነበረ፣ የሚቆጥረው ግን አልነበረም።

ሳይሠራ የቀረው

ሕጉ የዶውሰንን አሳብ ተከትሎ የየአካባቢው አስተዳደር የጤና ማዕከሎችን እንዲሠራ ግዴታ ጥሎ ነበር። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በኋላ ጡብ፣ እንጨትና ብረት እጅግ ስለተወደዱ፣ በቦምብ ለፈረሱ ከተሞች ቤት መሥራት ቀደመ። ቤቫን በቤት ሥራ በኩል ለጥራት የማይበገር ሰው ነበር፤ ባለ ሦስት መኝታ የሕዝብ ቤት ስፋቱ ቢያንስ 900 ስኩዌር ጫማ፣ ማለት 84 ካሬ ሜትር ያህል እንዲሆን አድርጓል። ለጤና ማዕከሎቹ ግን ጡብ አልተረፈም። ከጥቂቶቹ አንዱ፣ በለንደን ዉድቤሪ ዳውን የተሠራው ማዕከል፣ የተከፈተው በ1952 ነው።

የዚህም ውጤት ሳይውል ሳያድር ታየ። ኮሊንግስ የተባለ አውስትራልያዊ ሐኪም የእንግሊዝን የቤተሰብ ሕክምና አጥንቶ በ1950 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኢንዱስትሪ ከተሞች ሐኪሞች በጠበቡና በቆሸሹ ክፍሎች፣ በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ እንኳ ሳይኖራቸው፣ ብዙ ሰው በችኮላ እንደሚያዩ ገለጸ። በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ከበሩ በስተ ኋላ ያለው ክፍል ግን አልተሠራም ነበር። ለሐኪሞች የሥራ ቦታና ረዳት ሠራተኛ በቂ ገንዘብ የተመደበው ከ1966ቱ አዲስ ውል በኋላ ነው፤ የጤና ማዕከሎችም በብዛት የተሠሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቤቫን ራሱ ይህን ለማየት አልታደለም። በ1951 መንግሥቱ ለጦር መሣሪያ ወጪ ሲል በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ ሲጥል ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። የክፍያው መጠን ትንሽ ነው ያሉት ነበሩ፤ እርሱ ግን አንድ ጊዜ በር ላይ የቆመ ገንዘብ ተቀባይ በዚያ እንደማይቆም ያምን ነበር። በተከታዩ ዓመትም በመድኃኒት ትእዛዝ ላይ አንድ ሺሊንግ ተጣለ። ቤቫን በ1959 የፓርቲው ምክትል መሪ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ ጁላይ 6 ቀን 1960 በጨጓራ ካንሰር በ62 ዓመቱ ዐረፈ።

ለእኛ የሚተርፈው

በ1971 ቱዶር ሃርት የተባለ፣ እንደ ትሬዲጋር ባለች የዌልስ ከሰል መንደር የሚሠራ ሐኪም፣ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ ለሚያስፈልገው ሰው ይበልጥ እንደሚርቅ፣ ይህም ገበያ በሠለጠነበት ቦታ እንደሚብስ አስረዳ። አገልግሎቱ ከተጀመረ ከ23 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬም የብሪታንያ ሕዝብ ያለ ክፍያ በቤተሰብ ሐኪሙ ይታከማል፤ ነገር ግን ቀጠሮ ለማግኘት ስለሚፈጀው ጊዜ ብርቱ ቅሬታ ያሰማል። ሕጉ መብቱን ሰጠ፤ መብቱ የሚፈጸምበትን የሰውና የሕንፃ ብዛት ግን እያንዳንዱ ትውልድ እንደገና ማስላት አለበት።

በአገራችን መንገዱ ሌላ ነበር። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ላከ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ አገልግሎቱን እስከ ቀበሌ አወረደው። የዌልሱ ሰው ከተከፈተ በር የጀመረውን እኛ በር ድረስ በሚሄድ ሠራተኛ ጀመርነው። ሁለቱም የሚያስተምሩት ግን አንድ ነው፤ የሐኪም ቁጥር መጨመር ብቻውን ሕክምናን ለድሃው አያደርስም። ማን ይከፍላል፣ ባለሙያው የት ይቀመጣል፣ ማንንስ የመቀበል ግዴታ አለበት የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ አለባቸው። እኛ የጤና ጣቢያውን መሠረት የምንጥል፣ ውኃውንና መብራቱን የምናስገባ ባለሙያዎች ደግሞ ሥራችን የመጨረሻው ጌጥ ሳይሆን የመብቱ ግማሽ አካል መሆኑን ከዉድቤሪ ዳውን መዘግየት ልንማር ይገባናል።

ቤቫን ለመራጮቹ ንግግር ያደርግበት በነበረው፣ ከትሬዲጋር በላይ ባለው ሜዳ ላይ ዛሬ አራት ታላላቅ ድንጋዮች ቆመዋል። አንዱ ለእርሱ፣ ሦስቱ ለወከላቸው ከተሞች የቆሙ ናቸው። የሕይወቱን ሥራ በትክክል የሚገልጽ ሐውልት ነው፤ ያ ሰው ለአገር ያወረሰው አሳብ መጀመሪያ የእነዚያ ከተሞች ነበርና።