የመምህራን መምህርት፤ ማሪያ ሞንቴሶሪ

የማሪያ ሞንቴሶሪ ስም በተነሣ ቁጥር በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው፣ ሕፃናት በትናንሽ ወንበሮች ተቀምጠው የእንጨት ቅርጾችን የሚገጣጥሙበት፣ ወላጆችም ከፍ ያለ ክፍያ የሚከፍሉበት መዋዕለ ሕፃናት ነው። የሥራዋ መነሻ ግን እንዲህ ካለው ቤት እጅግ የራቀ ነበር። ዘዴው የተፀነሰው ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ተዘግቶባቸው በሚኖሩ፣ ትምህርት አይገባቸውም በተባሉ ልጆች መካከል ሲሆን፣ እርሷ የመራችው የመጀመሪያው ተቋምም የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። እኛ የሙያ ባልደረቦች ከሕይወቷ ብዙ የምንማረው ከእነዚያ እምብዛም ከማይነገርላቸው ዓመታት ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ የተወለደችው ኦገስት 31 ቀን 1870 በኢጣልያ፣ በአንኮና አውራጃ በምትገኘው በኪያራቫሌ ከተማ ነው። አባቷ አሌሳንድሮ የገንዘብ ሚኒስቴር ሹም ነበር፤ እናቷ ሬኒልዴ ስቶፓኒ ደግሞ ንባብ የምትወድ ሴት ነበረች። ቤተሰቡ በ1875 ወደ ሮማ ከተዛወረ በኋላ፣ ልጅቱ በዚያ ዘመን የወንዶች ይባል ወደነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባች። ለአንዲት የተማረች ሴት በጊዜው ተገቢ ነው የተባለው ሥራ መምህርነት ስለነበር፣ ወላጆቿ ይህንኑ ሙያ እንድትይዝ ይመኙ ነበር። እርሷ ግን መምህርነትን አልፈልግም ብላ ሕክምናን መረጠች። አስከሬን እየከፈቱ የሰውነትን አካላት በሚያጠኑበት ክፍለ ጊዜ ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር መቆም ነውር ነው ስለተባለ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ትሠራ ነበር። በጁላይ ወር 1896፣ የኢጣልያ ጦር በአድዋ ድል ከተመታ ከአራት ወራት በኋላ፣ ከሮማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለች።

በ1897 በዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሕክምና ክፍል በበጎ ፈቃድ መሥራት ስትጀምር፣ ለሕክምና የሚመረጡ ሰዎችን ለመለየት የሮማን የአእምሮ ሕሙማን መጠለያዎች ትጎበኝ ነበር። በዚያም ዘመኑ ደካማ አእምሮ ያላቸው ይላቸው የነበሩ ልጆች ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ተደባልቀው አገኘቻቸው። ሲነገር እንደኖረው፣ በአንዱ መጠለያ ጠባቂዋ ልጆቹ ምግባቸውን ከጨረሱ በኋላ ወለል ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ እየለቀሙ መጫወታቸውን በመጸየፍ ነገረቻት። ሐኪሟ ወደ ክፍሉ ዞር ብላ ስትመለከት፣ በውስጡ ከፍርፋሪው በቀር በእጅ ሊዳሰስ የሚችል አንዳች ነገር አልነበረም። ጠባቂዋ ስስት ነው ያለችውን፣ እርሷ እጅ ሥራ ፍለጋ መሆኑን ተረዳች። የሁለቱ ሴቶች ዐይን ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ ልዩነታቸው ግን መምህር በሆነና ባልሆነ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከዚህ በኋላ ሞንቴሶሪ ወደ መጻሕፍት ፊቷን አዞረች። በፓሪስ መስማት የተሳናቸው ተቋም ሐኪም የነበረው ኢታር፣ ከአቬሮን ጫካ የተገኘውን ልጅ ለማስተማር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያደረገውን ጥረት አጠናች። የእርሱ ደቀ መዝሙር የነበረው ኤዱዋር ሴገንም በፈረንሳይና በኋላም በአሜሪካ የእነዚህን ልጆች ስሜትና እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ የሚያሠለጥን ዘዴ አዘጋጅቶ ነበር። ሴገን ከመሣሪያዎቹ ይልቅ አጥብቆ ያሳሰበው ስለ መምህሩ ዝግጅት ነው፤ መምህር ድምፁን፣ አነጋገሩንና አቋሙን ሳይቀር ማሠልጠን እንዳለበት ያምን ነበር። ሞንቴሶሪ ከዚህ ንባብና ከዕለት ሥራዋ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሰች፤ ይኸውም የእነዚህ ልጆች ጉዳይ ከሕክምና ይልቅ የትምህርት ጉዳይ ነው የሚል ነበር። ይህንኑ በ1898 በቶሪኖ በተደረገው የመምህራን ጉባኤ ላይ አቀረበች። ለልጆቹ ልዩ ክፍሎችና ተቋማት እንዲከፈቱ፣ ከሁሉም በላይ ግን ለሥራው የተዘጋጁ መምህራን እንዲሠለጥኑ ጠየቀች።

ሐሳቡ ሰሚ አገኘ። የትምህርት ሚኒስትሩ ጊዶ ባቼሊ ለሮማ መምህራን ትምህርታዊ ንግግር እንድታደርግ ጋበዟት። በ1900 ደግሞ ለልጆቹ መብት የቆመው ብሔራዊ ማኅበር ኦርቶፍሬኒክ የተባለውን፣ አእምሮን የማቃናት ጥበብ የሚሰጥበትን የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። ሞንቴሶሪና የሥራ ባልደረባዋ ዶክተር ጁዜፔ ሞንቴሳኖ በጋራ እንዲመሩትም ተሾሙ። በመጀመሪያው ዙር 64 መምህራን ተመዘገቡ። ስለ ነርቭ ሥርዓት አሠራር፣ ስለ ሥነ ልቡና፣ ስለ ጉዳቱ መንስዔዎችና ስለ ልዩ የማስተማሪያ ዘዴዎች ይማሩ ነበር። ከማሠልጠኛው ጋር ልጆች የሚማሩበት የመለማመጃ ክፍል ስለተያያዘ፣ ሠልጣኙ በንግግር የሰማውን እዚያው ወርዶ በተግባር ያየዋል፤ ሳይሳካለት ሲቀርም ምክንያቱን ይጠየቃል።

ዳይሬክተሯ ራሷ ከዚህ ክፍል አልተለየችም። ለሁለት ዓመታት ያህል ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከልጆቹ ጋር ትውላለች፤ ሌሊት ደግሞ የቀኑን ትዝብት እየጻፈችና እየለየች ትቀመጥ ነበር። እውነተኛው የመምህርነት ዲግሪዬ የምትለውም ይህንኑ የሁለት ዓመት ድካም ነው። ከዚያ ዘመን ከተረፉት ምሳሌዎች አንዱ ስለ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ነው። ልጅቱ እጇ ጤናማ ሆኖ ሳለ መርፌን ከላይ ወደ ታች አሳልፎ መስፋት ፈጽሞ አልሆንልሽ አላት። ሞንቴሶሪ ስፌቱን አስቁማ፣ የወረቀት ቀጫጭን ቅዳጆችን እንደ ሰሌን እያስተላለፈች እንድትሠራ ሰጠቻት። ልጅቱ ያንን በለመደች ጊዜ ወደ መርፌው ስትመለስ መስፋት ቻለች። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ቢመስልም የሙያችን መሠረት ነው፤ ልጁ ሥራውን ካልቻለ ሥራውን ደጋግሞ ከማዘዝ ይልቅ፣ ከሥራው በፊት መቅደም የነበረበትን እንቅስቃሴ ፈልጎ ማግኘት የመምህሩ ተግባር ነው።

ንባብም በዚሁ መንገድ ሄደ። ልጆቹ ከእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን በጣታቸው እየተከተሉ ቅርጹን በእጃቸው ተማሩት። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ማንበብና መጻፍ ችለው፣ በሕዝብ ትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር ለፈተና ቀርበው አለፉ። ሰዎች ተአምር ነው ሲሉ፣ እርሷ ግን በሌላ ሐሳብ ተጨነቀች። አላግባብ ተጥለው የኖሩት ልጆች ከጤናማዎቹ ጋር እኩል መቆም ከቻሉ፣ ጤናማዎቹን ወደ ኋላ ያስቀረው ምን ይሆን ብላ ጠየቀች። መልሱ በመደበኛው ትምህርት ቤት ላይ ፍርድ የሚሰጥ ነበር።

ስለዚህ ዘመን ሲጻፍ ሊታለፍ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ሞንቴሶሪ በማርች 31 ቀን 1898 ከሞንቴሳኖ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ያላገባች ሴት መውለዷ ቢታወቅ ሥራዋም ስሟም ባንድነት በወደቁ ነበር። በመሆኑም ሕፃኑ ማሪዮ በገጠር ለሚኖር ቤተሰብ ተሰጥቶ እንዲያድግ ተደረገ። እናቱ እናትነቷን ሳትገልጽ እየሄደች ትጎበኘው ነበር። በ1901 ሞንቴሳኖ ሌላ ሴት አገባ፤ እርሷም በዚያው ዓመት ማሠልጠኛውን ለቀቀች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚላት አይጠፋ ይሆናል። ሆኖም የተጣሉ ልጆችን ለማየት መምህራንን የምታሠለጥነው ሴት፣ የራሷን ልጅ በዐይኗ ልትጠግበው ያልተፈቀደላት በዘመኑ ሕግና ልማድ ምክንያት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ማሪዮ ወደ እርሷ የመጣው አያቱ በ1912 ከሞተች በኋላ፣ የ15 ዓመት ልጅ ገደማ ሳለ ሲሆን፣ እስከ ሞቷ ድረስ የሥራዋ ረዳትና ወራሽ ሆነ።

ከ1901 በኋላ ያለው ታሪኳ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። እንደገና ተማሪ ሆና ፍልስፍናና ሥነ ትምህርት አጠናች፤ የኢታርንና የሴገንን ጽሑፎችም ቃል በቃል እየተረጎመች በእጇ ገለበጠች። ጃኑዋሪ 6 ቀን 1907 በሮማ የድኾች ሰፈር በነበረው በሳን ሎሬንሶ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከፈተች። በ1909 መጽሐፏን አሳተመች፤ ወደ 100 ለሚጠጉ መምህራንም በዘዴው የመጀመሪያውን ኮርስ ሰጠች። በኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት ዘመን ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ። በ1939 መምህራንን ልታሠለጥን ወደ ሕንድ ሄዳ፣ ጦርነቱ ስላገዳት እስከ 1946 ድረስ እዚያው ቆየች። ሜይ 6 ቀን 1952 በሆላንድ፣ በኖርድዌይክ ከተማ ዐረፈች። ከሕክምና ወጥታ የሸሸችውን መምህርነት ሙያዋ ካደረገች ግማሽ መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

እርሷም የዘመኗ ሰው ስለነበረች እንከን አልነበረባትም ማለት አይቻልም። ሠልጣኞቿ የልጆችን አካል እንዲለኩ ታስተምር ነበር፤ ዛሬ ያ ልኬት ስለ ልጅ አእምሮ የሚነግረን ነገር እንደሌለ እናውቃለን። የተለዩ ክፍሎች እንዲከፈቱ መጠየቋም በጊዜው ከመጠለያ ለማውጣት የታሰበ ቢሆንም፣ ልዩው ክፍል በብዙ አገሮች ሁለተኛ መጠለያ ሆኖ ቀርቷል። የገዛ አገሯ ኢጣልያ በ1977 ባወጣችው ቁጥር 517 ሕግ የተለዩትን ክፍሎች አስቀርታ፣ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩና በክፍሉ ውስጥ የሠለጠነ ደጋፊ መምህር እንዲመደብ ወሰነች። በ1994 የሳላማንካ መግለጫ፣ በ2006ም የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አካቶ ትምህርትን የዓለም ዓላማ አድርገውታል። አገራችን ስምምነቱን በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም መንግሥታት መምህራንን እንዲያሠለጥኑ በግልጽ ያስገድዳል።

እንግዲህ ልጆቹ ከተለየው ክፍል ወጥተው ወደ እኛ ክፍል መጥተዋል። በዚህም የሞንቴሶሪ ጥያቄ ይበልጥ ከበደ እንጂ አልቀለለም። ቀድሞ ጥቂት የሠለጠኑ መምህራን ይበቁ ከነበረ፣ ዛሬ እያንዳንዱ መደበኛ መምህር ፍርፋሪ ከሚለቅም እጅ ውስጥ ፍላጎትን ማንበብ የሚችል መሆን ይጠበቅበታል። ይህ ችሎታ በአንድ ሳምንት ሴሚናር አይገኝም፤ የሚገኘው መለማመጃ ክፍል በተያያዘበት ማሠልጠኛ፣ መርቶ በሚያሳይ አሠልጣኝና በየምሽቱ በሚጻፍ ትዝብት ነው። የሮማው ማሠልጠኛ በ1900 የጀመረው በዚህ ነበር፤ እኛም አካቶ ትምህርትን ከአዋጅ ወደ ክፍል ልናወርደው ከፈለግን፣ መጀመሪያ መዘጋጀት ያለበት መምህሩ ነው።