ሞትን በሐኪም እጅ ላይ ያገኘው ሐኪም

በሐርጌሳ ከተማ አዋላጅ ነርስ ወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማኢል በ2002 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወሊድ ሆስፒታል ከፍተዋል፤ ወጣት አዋላጆችም ይሠለጥኑበታል። እዚያም ሆነ በሌላ ማዋለጃ ክፍል ከአንዲት ወላድ ወደ ሌላዋ ከመሻገር በፊት እጅን መታጠብ የሙያው ሕግ ነው። ስለዚህ ሕግ ሲታገል ያለፈውን ሰው ታሪክ ልናቀርብ ወደድን።

ኢግናዝ ሴመልቫይስ በ1818 በሀንጋሪ ቡዳ ከተማ ተወለደ። ሕግ ሊማር ቪየና ሄዶ ወደ ሕክምና ዞረ፤ በ1846 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ረዳት ሐኪም ሆነ። ሆስፒታሉ ሁለት የወሊድ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠለጥናሉ። ከ1841 እስከ 1846 በአንደኛው ክፍል ከመቶ ወላዶች 10 ያህሉ ሲሞቱ በሁለተኛው የሚሞቱት 4 ያህል ነበሩ። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነው። ነፍሰ ጡሮች ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይመደቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር፤ መንገድ ላይ የወለዱት እንኳ ከእነርሱ ይልቅ ይተርፉ ነበር። ሊቃውንቱ መጥፎ አየር ነው አሉ። የሁለቱ ክፍሎች አየር ግን አንድ ነበር።

በ1847 ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በቢላዋ ጣቱን ተወግቶ ሞተ። ሴመልቫይስ የሬሳውን ምርመራ ውጤት ሲያነብ በእናቶቹ አስከሬን ከታየው ያልተለየ ሆኖ አገኘው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲቀዱ ቆይተው በቀጥታ ወደ ምጥ የተያዙት ሴቶች ይሄዱ ነበር፤ አዋላጆቹ ግን አስከሬን አይነኩም። እርሱ ራሱ አስከሬን በመመርመር የተጋ ሐኪም ስለ ነበር፣ በትጋቱ ስንት እናቶችን ወደ መቃብር እንደ ላከ ማሰብ ግድ ሆነበት። ወዲያውም ማንም ሰው በክሎሪን ኖራ ውሃ ሳይታጠብ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። ከትእዛዙ በፊት በነበረው ወር ከመቶ 18 የደረሰው ሞት ከትእዛዙ በኋላ በነበረው ወር ወደ 2 ወረደ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ማሕፀኗ በካንሰር የቆሰለ አንዲት ሴት አስቀድማ ተመርምራ፣ ከእርስዋ ቀጥሎ ከተመረመሩት 12 ወላዶች 11ዱ ሞቱ። መርዙ ከሕያው ሰውም እንደሚተላለፍ ስለ ተረዳ፣ ከእያንዳንዷ ሕመምተኛ በኋላ መታጠብን ጨመረ። ዛሬ በፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራበት ሥርዓት የዚህ የሁለተኛው ትእዛዝ ልጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቱቦ በደም ሥሩ የገባለትና ራሱን የማያውቅ ሕመምተኛ ሐኪሙን ታጠብ ሊለው አይችልም። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በ2004 አምስት ቀላል እርምጃዎች ተደንግገው፣ አንዱም እጅ መታጠብ ሆኖ፣ በእነዚህ ክፍሎች በቱቦ ሰበብ የሚመጣው የደም መመረዝ እስከ ከመቶ 66 ቀንሷል።

ቪየና ግን ብዙም አልሰማችውም። የተከበረ ሐኪም እጁ ገዳይ ነው መባልን እንዴት ይቀበል? እርሱም ቢሆን ማስረጃውን በመጽሐፍ ያወጣው በ1861 ነው፤ ይህ መዘግየት ጉዳዩን ክፉኛ እንደ ጎዳ እናምናለን። በ1850 ወደ ፔሽት ተመለሰ። በዚያ በቅዱስ ሮኩስ ሆስፒታል ከ1851 እስከ 1857 ከ933 ወላዶች በትኩሳቱ የሞቱት 8 ብቻ ነበሩ። በኋላ ተቃዋሚዎቹን ነፍሰ ገዳዮች እያለ በግልጽ ደብዳቤ መዝለፍ ያዘ፤ አእምሮውም ታወከ። በ1865 በቪየና ወደ አእምሮ ሕሙማን ቤት ተወስዶ፣ በጠባቂዎች ተደብድቦ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል፤ ቁስሉ አመርቅዞ ነሐሴ ውስጥ በ47 ዓመቱ በደም መመረዝ ሞተ። ፓስተር የአራስ ትኩሳትን ተሐዋሲ ለሊቃውንት ያሳየው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1879 ነበር።