የስደተኛው ዜማ

በዴሳ ያሉት አያቴ ማለዳ ማለዳ ከብት ሲያወጡ የሚያንጎራጉሩት አንድ ዜማ አለ። ቃሉን ግማሽ በግማሽ ረስተውታል፤ ዜማውን ግን አይስቱትም። በንጉሡ ጊዜ ሶዶ ተማሪ ሳሉ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል የሚዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ነው። ያኔ ከወላይትኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በቅጡ ስለማይችሉ፣ ምን እያሉ እንደሚዘምሩ እንኳ አያውቁም ነበር። ለእረፍት ቤት የሄድኩ ጊዜ ይህን ዜማ ማን እንደደረሰው ጠየቅኋቸው። ከቤተ መንግሥት ሰዎች አንዱ ይሆናል ብለው ገመቱ። እኔም የታሪክ ተማሪ ነኝ ባይ፣ አላውቅም ነበር! ኮሌጅ ስመለስ አፈላልጌ ያገኘሁትን ነው እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን የማቀርበው።

ዜማውን የደረሱት ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባሉ አርመናዊ ናቸው። ኬቮርክ በእኛ ጊዮርጊስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዛሬ በደቡብ ቱርክ በምትገኘው በአይንታብ ከተማ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1915 የአርመኖች እልቂት ሲጀመር ያ አገር ለአርመን መኖሪያነቱ አበቃ። የሞተው ሞተ፤ የተረፈው ወደ ሶርያ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ ኢየሩሳሌም ተበተነ።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌም ገቡ። እዚያም በአርመን ገዳም ከሚያድጉ፣ ወላጆቻቸው ካለቁባቸው ልጆች ጋር ተገናኙ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ ለማምጣት ከገዳሙ አባቶች ጋር ተስማሙ። የልጆቹ የሙዚቃ መምህርና መሪ ሆነው የመጡት ናልባንዲያን ናቸው። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሱ። የከተማው ሰው አርባ ልጆች አላቸው፤ እስከዛሬም የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው።

ደግነቱ ልጆቹ የወረዱት ወገን በሌለበት ከተማ አልነበረም። ከአራዳ እስከ ራስ መኰንን ድልድይና አራት ኪሎ ድረስ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የከተሙ አርመኖች ነበሩ። ወርቅ ሠሪው ዲክራን ኤቤያን የነገሥታት ዘውድ ሠርተዋል። ቦያጂያኖች የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል። በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ያስመጡት ሰርኪስ ተርዚያንማ፣ መኪናው የሰርኪስ ባቡር ተብሎ ስማቸው በሕዝቡ አፍ ቀርቷል። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ ቆዳ አልፊው ሁሉ በዚያው ሰፈር ነበር። ከታች ሱቅ፣ ከላይ የእንጨት ሰገነት ያለው መኖሪያ ቤት የሰፈሩ መልክ ሆነ። አርመኖች እንደ እኛው ተዋሕዶዎች ስለሆኑ ቄሱም ምዕመኑም አልራቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1935 የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲከፍቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ሰየሙት። እቤት አርመንኛ፣ ደጅ አማርኛ የሚናገር ትውልድ ያደገው እንዲህ ባለ ሰፈር ነው።

ናልባንዲያን አገሩን ገና ሳይለምዱት ነበር ትልቁ ሥራ የተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 የመዝሙሩን ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙን ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑም የተሰማው ይኸው መዝሙር ነው። የአርባ ልጆች ባንድ ብዙ ሳይቆይ ተበተነ፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ሌላ አገር ሄዱ። መምህሩ ግን ቀሩ። በትምህርት ቤትና በወታደር ባንድ ኢትዮጵያውያንን ኖታ ሲያስተምሩ ኖሩ። የወንድማቸው ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያንም ተከትለዋቸው መጥተው፣ ኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የዘመናዊ ሙዚቃችን መምህር ሆኑ። ኬቮርክ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜያቸውን እዚሁ ጨረሱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስቤያለሁ። ስደተኞቹን በክብር የተቀበለው መንግሥት፣ ከዚያ 30 ዓመት በፊት በ1887 ዓ.ም. የእኛን የካዎ ጦናን አገር በጦርነት የያዘው ያው መንግሥት ነው። ለናልባንዲያን መጠጊያ የሆነው ዘውድ ለአያቴ አያቶች መሸነፊያ ነበር። ይህን ዘልዬ ታሪካቸውን ባሞግስ ግማሽ እውነት ይሆንብኛል። ግን ደግሞ ዜማው ምን አጠፋ? አገሩን ያጣ ሰው ለሌላ አገር ሠራው፤ ቋንቋውን የማያውቅ የወላይታ ልጅ ዘመረው። በዶርም ክርክራችን አገሩ የማን ነው ስንባባል ሁለቱም ትዝ ይሉኛል። አንዱ ዘግይቶ የመጣ፣ ሌላው ሳይጠየቅ የተጠቃለለ፤ ሁለቱም ግን ዜማውን የራሳቸው አድርገውታል።

ከአብዮቱ በኋላ መዝሙሩ ተቀየረ። ሱቅና ቤት ሲወረስ አርመኖቹም ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና ፈረንሳይ ሄዱ። በደጉ ጊዜ 1,200 ያህል የነበሩት ዛሬ 100 እንኳ አይሞሉም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። ቤተ ክርስቲያናቸውና አራራት የሚባለው ክበባቸው ግን እዚያው አሉ።

ያነበብኩትን ለአያቴ በስልክ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ ሰውየው ሲመጡ አማርኛ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይችሉም ነበር አልኳቸው። ሳቁ። እንደኔው ናቸዋ ማለታቸው መሰለኝ። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ያቺኑ ዜማ ሲያንጎራጉሩ ሰማኋቸው።